ኡሙሃኒ በእግሯ ያልረገጠቻት ሃይደራባድ

ባለፈው ጥር፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አለፍ ብሎ፣ የቤቴ በር በጡጫ ተመታ። ኡሙሃኒ በር አትመታም። በጥፍሯ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ «እትዬ ዘነቡ፣ እኔ ነኝ» ነው የምትለው። ያን ቀን ስከፍትላት ካፖርቷ አልተቆለፈም፤ የሻርፗ አንዱ ጫፍ ወለሉን ይጠርጋል። በእጇ የሌላ ሰው የሱፍ ጓንት ይዛለች፣ አንዱን ብቻ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ኻላን አይተዋቸዋል? ይሄን ሊፍቱ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት።»

ኻላ የምትላቸው ከእኔ ቤት ሦስት በር አለፍ ብለው የሚኖሩትን ህንዳዊት፣ ወይዘሮ ዘኪያን ነው። ኻላ በእሳቸው አገር የእናት እኅት ማለት ነው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከልጃቸው ከኢምቲያዝ ጋር ይኖራሉ። እሱ ማለዳ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ኡሙሃኒ አምስት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ በመካከል ያለውን ጊዜ በእንቅልፍ ያሳልፉታል ተብሎ ነበር የሚታሰበው። መርሳት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ሊፍቱ ጋ አይቻቸዋለሁ» አልኳት። «ካየኋቸው አንድ ሰዓት ይሆናል።»

የለበሱትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጠርዙ የወርቅ ክር ያለው አረንጓዴ ሻል፣ ከላዩ የልጃቸው ግራጫ ጃኬት፣ ዚፑ እስከ ግማሽ የተዘጋ። ወፍራም ካልሲ በክፍት ጫማ። ብብታቸው ሥር ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ። «ባዛር» አሉኝ ፈገግ ብለው። እኔ እንግሊዝኛ መናገር ስለሚያሳፍረኝ «ጉድ ሞርኒንግ» ብዬ ጎንበስ አልኩና መንገድ ለቀቅሁላቸው። ልጃቸው ታች የሚጠብቃቸው መስሎኝ ነበር።

ኡሙሃኒ አልወቀሰችኝም። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነችና «እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው፣ እትዬ። እኔ፣ በአፌ» አለች።

በመስኮቴ የሚታየው የባንክ ሰሌዳ በፋራናይት ከዜሮ በታች ስድስት ይላል። እንዲህ ባለ ቀን ያልተሸፈነ ጣት በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚሞት ጠዋት ሬዲዮው ተናግሯል።

ለምን «በአፌ» እንዳለች እንዲገባ ስለ እሷ ጥቂት ልናገር።

ኡሙሃኒ የወሎ ልጅ ናት፣ ሐይቅ አጠገብ የተወለደች። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስድስቱን ዓመት ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ኖረች። ወገቧ እምቢ ሲላት ኮርስ ወሰደችና አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ጀመረች። ቦርሳዋ ውስጥ ቫዝሊን፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ትርፍ ካልሲ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ማበጠሪያ አይጠፋም። ለእኔ የምትሠራ አይደለችም። የዓይኔን ጠብታ ራሴ ማድረግ እንደማልችል ስላወቀች ብቻ፣ ከኻላ ቤት ስትወጣ ጎራ ብላ ታደርግልኛለች። ስትቆጣ እንኳ ድምፅ የላትም። የሚያስቃት ነገር ሲገጥማት አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ኻላ ዘኪያ ከእሷ በፊት አራት ሠራተኛ አባረዋል። ኡሙሃኒ የገባች ዕለት ግን ፊቷን ትኩር ብለው አዩና «ሐብሺ?» አሏት።

«አዎ፣ ሐበሻ ነኝ» አለች ደንግጣ።

«ተቀመጪ፣ ቤቲ።» ቤቲ ልጄ ማለት ነው። «የንጉሣችን ፈረሰኞች ሐብሺዎች ነበሩ። ቤታችን ከሰፈራቸው ጀርባ ነው። ሲያልፉ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶ ያሳየኝ ነበር።»

ከተማቸው ሃይደራባድ ናት፣ በህንድ አገር፣ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች። ኻላ ጠዋት የበሉትን ምሳ ላይ አያስታውሱም። ሃይደራባድን ግን፣ ጸጉራቸውን የኮኮናት ዘይት እየተቀቡ፣ ከዳር እስከ ዳር ይናገሯታል፤ ሁልጊዜም በአንድ ቅደም ተከተል። ኡሙሃኒም ቁርኣን ቤት ሱራ እንደያዘችው አድርጋ ያዘችው። ከዚያ እኔ ቤት መጥታ፣ ጠብታው እስኪሰርግ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ ትደግምልኛለች። እኔም ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ከተቆረቆረች ከአራት መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ጎልኮንዳ የሚባል ኮረብታ ላይ፣ ምሽግ ውስጥ የሚኖሩት ነገሥታት ቦታ ጠበባቸውና ወደ ሙሲ ወንዝ ዳር ወረዱ። ያ ምሽግ ታች በሩ ላይ ቆመው ቢያጨበጭቡ ድምፁ አናቱ ድረስ ይሰማል አሉ፤ ዘበኛው እንግዳ ሲመጣ የሚያስታውቀው በጭብጨባ ነበር። በአዲሱ ከተማ መካከል ንጉሡ ቻርሚናርን አሠራ። አራት ሚናሬት፣ አራት ረጅም ማማ ማለት ነው። ወረርሽኝ ገብቶ ነበርና፣ ቢጠፋልኝ ብሎ የተሳለው ነው ይላሉ ያገሩ ሰዎች።

«ስለት ነዋ!» አልኩ ይህን ስሰማ። ስለት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

ከቻርሚናር አጠገብ ትልቅ መስጊድ አለ። የጡቡ አፈር ከመካ የመጣ ነው ይባላል። ኋላ የነገሡት ኒዛም የሚባሉት ሀብታቸው ልክ አልነበረውም። የመጨረሻው ኒዛም የእርግብ እንቁላል የሚያክል አልማዝ ነበረውና ወረቀት እንዳይበርበት መጫኛ አደረገው አሉ። «ምነው፣ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» ስትል የኡሙሃኒ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ጠብታው ጉንጬ ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ሙዚየማቸው ውስጥ ሰዓት አለ። ሰዓቱ በሞላ ቁጥር ከውስጡ ትንሽ ሰውዬ ወጥቶ ደወል ይመታል፤ ሕዝቡ እሱን ለማየት ቀድሞ ቦታ ይይዛል። በኻላ አያት ዘመን ደግሞ ሙሲ ሞልቶ ከተማውን ጠርጎት ነበር። ወንዙ ዳር ካለች አንዲት የሮቃ ዛፍ ላይ መቶ ሃምሳ ሰው ወጥቶ ተረፈ። ዛፏ ዛሬም አለች። ሮቃ ወሎም ስላለ ኡሙሃኒ ይህችን ትወዳታለች።

ኻላ ከሁሉም የሚወዱት የአምባሩን ገበያ ነው። ከቻርሚናር ሥር ወደ ምዕራብ የሚነሳ አንድ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ አምባር ብቻ። ሙጫ በከሰል እሳት አለስልሰው፣ በእጃቸው አድቦልቡለው፣ የመስታወት ፍርፋሪ አንድ በአንድ ይለጥፉበታል።

«ውሰጂኝ፣ ቤቲ» ይላሉ ኻላ፣ ኡሙሃኒ ካፖርቷን ስታነሳ። «አምባሬ ተሰብሯል።»

«እሺ ኻላ፣ ነገ።»

ጥፋቱ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» አይባልም። እሺ ነገ ይባላል። ያም ትልቅ ሰው ነገ እንደማይመጣ ያውቃል፤ ማንም ሳይከፋው ይለያያሉ። እኔም ስንቱን ብያለሁ። ሥራውን ያስተማሯትም «ከሚረሳ ሰው ጋር አትከራከሩ» ብለዋት ነበርና፣ ሁለቱ አንድ ነገር መሰሏት። ኻላም ሳይመሽ ይረሱታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ነገ ተባለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተረሳ።

ሰኞ ዕለት ግን ኻላ «ነገ ስንት ሰዓት?» አሉ።

«ጠዋት» አለች ኡሙሃኒ።

አልረሱትም።

እኔ ቤት ቆማ ኢምቲያዝን በስልክ አገኘችው። ያን ማክሰኞ ለሥራ ሮችስተር ነበር፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። «ማታ ነግራኛለች» አለ። «ነገ ጠዋት ቻርሚናር እሄዳለሁ፣ አረንጓዴውን ሻል አውጣልኝ አለችኝ። እየሳቅሁ አወጣሁላት።» ከዚያ የመኪና ቁልፍ ሲያነሳ ተሰማ። «በአላህ ፈልጊያት። መጣሁ።»

ኡሙሃኒ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ፖሊስ ኮል አድርጋ ኖሮ ሁለት መኮንኖች መጡ። ፎቶ ወሰዱ፣ የለበሱትን ጻፉ። በእግራቸው ስለወጡ ሩቅ አይሆኑም ብለው ከሕንፃው ዙሪያ ያሉትን መንገዶች መፈለግ ጀመሩ። ከሁለቱ አንዷ፣ ሴቷ ፖሊስ፣ ለኡሙሃኒ የስልክ ቁጥሯን ሰጥታ «እዚሁ ቆዪ» አለቻት።

በዚህ መሀል ጎንፋ ከሊፍቱ ወጣ። ጎንፋ የሕሙማን ማመላለሻ ሹፌር ነው፣ የነቀምት ሰው። ወደ ዓይን ሐኪም አፖይንትመንቴ ሊወስደኝ ነው የመጣው።

«እትዬ ዘነቡ፣ ምነው? ሐኪሙ ሳያይዎት እንባውን ጨረሱት እኮ!» አለ። የኡሙሃኒን ፊት ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ ግቢ!»

«ቆዪ ብለውኛል።»

«እነሱ እዚህ ካሉ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ለመሥሪያ ቤቱ ኮል አድርጎ «ፔሸንቷ ቀጠሮውን ካንስል አድርገዋል» አለ፤ እኔን አልጠየቀኝም። ደግ አደረገ። እኔም ካፖርቴን ደርቤ ተከተልኳቸው። ያየኋቸው እኔ ስለሆንኩ ሻሉን ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

በኻላ መስኮት ሌክ ስትሪት ላይ ያለው የገበያ ሕንፃ ረጅም ግንብ ይታያል። ኻላ ያንን እያዩ «አንድ ሚናሬት ብቻ? ሦስቱን ማን ወሰደው?» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሦስታችንም ያለ ጥርጥር ወደዚያ ነዳን። ጎንፋ በር ላይ አወረደን። ኡሙሃኒ በምግብ ቤቶቹና በዕቃ ሻጮቹ መካከል ሮጠች፤ የስልኳን ፎቶ ለሁሉም አሳየች። አንዲት የሜክሲኮ ሴት የምትጠቀልለውን ምግብ ትታ መጸዳጃ ቤቶቹን ከእኛ ጋር ፈተሸችልን። የሉም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አሥራ ሰባት ደቂቃ አጥፍተናል።

መኪናው ውስጥ ተመለስን። ጎንፋ «አምባር ነው የሚፈልጉት አይደል?» አለ። «የሱማሌዎቹ ገበያ እንሂድ። እዚያ አምባር እንደ በቆሎ ነው የተከመረው።»

«ንዳ» አለች ኡሙሃኒ።

ወደ ምዕራብ ሁለት መስቀለኛ መንገድ እንዳለፍን ጮኸች፤ ኡሙሃኒ ስትጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት። «ቁም!»

«አረንጓዴ መብራት ላይ ቁም ትይኛለሽ? ሊገጩን ነው እኮ!»

«ተሳስተናል፣ ጎንፋ። ኻላ ገበያ ብለው አይነሱም። መጀመሪያ ወንዙ ነው።» ቃሉ እየተደናቀፈባት አስረዳችን። የኻላ ቤት ከሙሲ በወዲህ ነው፣ ቻርሚናር ከሙሲ በወዲያ። ከደጃፋቸው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ወንዙ ጋ ይወርዳሉ፣ ድልድዩን በእግራቸው ይሻገራሉ። አንድም ቀን ከዚህ ውጭ ተናግረውት አያውቁም። «ሙሲን ሳይሻገር ቻርሚናር ደረስኩ የሚል ሰው ውሸታም ነው» ይላሉ። «ከሕንፃው በር ላይ የሚነሳው አውቶቡስ የት ነው የሚያደርሰው?»

ጎንፋ መልስ ከመስጠቱ በፊት መሪውን ጠመዘዘ። «ሚሲሲፒ» አለ። «ሌክ ስትሪት የሚያልቀው ወንዙ ላይ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ሴንት ፖል።»

እዚያ ድረስ ሦስት ማይል ነው። ኡሙሃኒ ለፖሊሷ ደወለች። ፖሊሷ «አሳውቃለሁ፣ እናንተ ግን ተመለሱ» አለቻት። ኡሙሃኒ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ማንም ስለ መመለስ አላነሳም። መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆነብን። አንድ በረዶ የሚጠርግ መኪና ከፊታችን ገብቶ እንደ ቀብር አጃቢ ቀስ ይላል። ጎንፋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብሎ መሪውን መታ። እኔ በዚህ ደካማ ዓይኔ በየፌርማታው የተቀመጠውን ሰው አያለሁ። አንዴ «አረንጓዴ!» አልኩ፤ ቀርበን ስናየው የአንድ ሰውዬ ቦርሳ ነው። ኡሙሃኒ ያንን አንድ ጓንት አልለቀቀችውም። «አንዱ እጃቸው ባዶ ነው» ትላለች፣ ለራሷ፣ ደጋግማ።

ድልድዩ ላይ ወጣን። ነፋሱ መኪናውን ገፋው።

«እዚያ!» አልኩ። አልተሳሳትኩም።

ኻላ ከድልድዩ መሀል ትንሽ አለፍ ብለው፣ የብረት አጥሩን ይዘው ወደ ታች ያያሉ። ሻሉ ከጃኬቱ ሥር ወጥቶ ይውለበለባል። አንድ እግራቸውን ታችኛው ብረት ላይ አውጥተውታል።

ጎንፋ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቶ ቆመ። ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ይነፋሉ። ሊሮጥ ሲል ኡሙሃኒ ደረቱን ገፍታ አስቆመችው። «አትምጣ! ወንድ ሲሮጥባቸው ይደነግጣሉ። አምቡላንስ ጥራ።» እሷ ቀስ ብላ ሄደች። እኔ ከመኪናው ወርጄ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆምኩ። የንግግሩን ግማሽ ነፋሱ ወስዶብኛል፤ ኋላ የሞላችልኝ እሷ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኻላ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አሉ ሳይዞሩ። «ሙሲ ላይ አንሶላ ያነጠፈው ማነው?»

ታች ወንዙ በረዶ ሆኖ ነጭ ነው። በጣም ሩቅ ነው ታቹ።

«ኻላ፣ እግርዎን ያውርዱ።»

«ዛፏን እየፈለግሁ ነው። ሰዎቹ የወጡባትን። እዚህ ጋ ነበረች።» ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ ማነሽ?»

ኡሙሃኒ ፊቷን የሸፈነችበትን ሻርፕ ወደ ታች ሳበችው። «ኡሙሃኒ ነኝ።»

«ዘገየሽ!» አሉ ተቆጥተው። «ጠዋት ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ ቶሎ ተሻገሪ፣ ገበያው ሳይዘጋ።» በጓንት ያለው እጃቸው ወደ ሴንት ፖል አመለከተ። ባዶው እጃቸው ብረቱ ላይ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጭ ሆነዋል።

«እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፣ እትዬ» ብላኛለች ኋላ። «እሺ ካልኩ ማዶ ድረስ ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ እዚያ ሳንደርስ ይሞቱብኛል። እሺ ብዬ ወደ መኪናው ብጎትታቸው ደግሞ ይታገሉኛል። አጥሩን አይተውታል፣ አጭር ነው።»

«አይሆንም፣ ኻላ» አለች።

«ምን?»

«አልወስድዎትም። ማዶ ቻርሚናር የለም። እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ዋሽቼዎታለሁ። በየቀኑ ነው የዋሸሁዎት።»

ኻላ ማዶውን አዩ። ከዚያ ወንዙን አዩ። «ይሄ ሙሲ አይደለም?»

«አይደለም። ሌላ ወንዝ ነው።»

«ጠርጥሬያለሁ» አሉ። «ሙሲ ይሸታል።»

ይህን ብለው እግራቸውን አወረዱ። ተመስገን ልል ስል ፊታቸው ተለወጠ። ዙሪያቸውን እንደ ጠፋ ሕፃን ያዩ ጀመር፤ መኪናዎቹን፣ እኔን፣ ነጩን ወንዝ። አጥሩን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ። «ታዲያ እኔ የት ነው ያለሁት? ቤቲ፣ የት ነው ያለሁት?» እውነቱን መናገሯ ከውሸቱ የባሰ መሰለኝ።

ኡሙሃኒ ተጠጋቻቸው። አፏን ጣቶቻቸው ላይ አድርጋ ትንፋሿን እፍ እያለች፣ አንድ በአንድ ከብረቱ አነሳቻቸው። «ሩቅ አገር ነው ያሉት፣ ኻላ። ከእኔ ጋር ነዎት። እዚያ ነጭ መኪና ውስጥ እንገባለን።»

«መንገዱን አላውቀውም።»

«አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ቻርሚናር አንደርስም፤ መኪናው ጋ ነው የምንደርሰው። እስከዚያ የእርስዎን መንገድ ልቁጠርልዎት። ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።» እጃቸውን ካፖርቷ ውስጥ፣ ብብቷ ሥር ከተተችው። «ናያፑል፣ ድልድዩ።»

ኻላ አልተንቀሳቀሱም።

«ናያፑል» አለች እንደገና። «ቀጥሎ ማዲና የሚባለው ሕንፃ፣ ሻይ የሚጠጡበት።»

አንድ እግር ተነሳ። ሌላውም።

«ቀጥሎ ፓተርጋቲ። ሉል የሚሸጡት። በግራዎ።»

«በሁለቱም በኩል ነው» አሉ ኻላ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

«በሁለቱም። ቀጥሎ... ቀጥሎ ፏፏቴው።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «ፏፏቴው? ቅስቱን ማን በላው? መጀመሪያ የዓሣው ቅስት፣ ከዚያ ፏፏቴው! ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግርሽ ጆሮሽን የት አስቀምጠሽው ነበር?»

«ይቅርታ ኻላ፣ ልክ ነዎት። መጀመሪያ ቅስቱ።»

«ደንቆሮ» አሉ፤ ተራመዱ። ጎንፋ የመኪናውን በር ይዞ እያለቀሰ ይስቃል።

በሩ ጋ ሲደርሱ «ደረስን?» አሉ።

«ቻርሚናር አልደረስንም» አለች ኡሙሃኒ።

«እንግዲያው ግቢ፤ ብርድ ነው።»

ውስጥ ገብተን ጎንፋ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፈተው። እጃቸውን ሊያሽላቸው ሲል ኡሙሃኒ «እንዳታሽ! ቆዳው ይላጣል» ብላ መለሰችው። እርጥቡን ካልሲ አውልቃ ከቦርሳዋ ደረቅ አጠለቀችላቸው፤ እግራቸውን ሆዷ ላይ አደረገች። ጥቂት ቆይተው ኻላ ጮኹ። ደም ወደ ጣት ሲመለስ እንዲያ ያማል አሉ። ኡሙሃኒ «ይጩኹ፣ ኻላ፣ ይጩኹ» ትላለች። ጩኸታቸው ሳያልቅ የአምቡላንሱ ድምፅ ተሰማ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሐኪሙ ወጥቶ ሕይወታቸው እንደማያሰጋ፣ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ጫፍ ግን ይትረፍ አይትረፍ ገና እንደማይታወቅ ነገረን። ኢምቲያዝ ያን ጊዜ ደረሰ። ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ካፖርት እንኳ አልለበሰም። እናቱን አይቶ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊታችን ቆመ።

«ማነው ዛሬ ትሄጃለሽ ያላት?» አለ። «ከራሷ አላመጣችውም። ማነው?»

ከእኔና ከጎንፋ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጎንፋ ጫማውን ያያል፤ እኔም የራሴን።

«እኔ ነኝ» አለች ኡሙሃኒ። ተነስታ ቆማ ነገረችው። ሁለት ዓመት በየቀኑ ነገ ማለቷን፣ ሰኞ ዕለት «ጠዋት» ማለቷን፣ ለምን እንዳለችም። «የቀጠረኝ ኤጀንሲ ሌላ ሰው ይልክልዎታል። ቢያስወጡኝ እውነት አለዎት።»

ፊቱ ቀላ። የሚጮህ መስሎኝ እጇን ያዝኳት። እሱ ግን ግድግዳው ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እኔ የምላት በጋ ላይ ነው» አለ። «በጋ ላይ እወስድሻለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።» ፊቱን በእጁ አሸው። «ድልድዩ ላይ ምን ብለሽ ነው ያንቀሳቀስሻት?»

መንገዱን ቆጠረችለት፤ በዚህኛው ጊዜ ቅስቱን አልዘለለችም።

«አንዱንም አላውቀውም» አለ። «ሕፃን ሆኜ ነው የወጣሁት። ፏፏቴው ምን ይመስላል?»

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች ኡሙሃኒ። «እኔ የሰማሁትን ነው። ነቅተዋል፤ ይግቡና እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ተነሳ። በሩን እንደያዘ «ሐሙስ ነይ» አላት። «ጠዋት ጠዋት እኔ እቤት እሆናለሁ፤ የሥራ ሰዓቴን አስቀይራለሁ። ብቻዋን አትቀርም።» ከዚያ ገባ።

በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ወንበር ስቦ ሲቀመጥና ስልኩን ሲያጠፋ አየሁት። ስለ ፏፏቴው ጠየቃቸው። ኻላ በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን ትራሱ ላይ አስቀመጡና በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመሩለት። «መጀመሪያ ሙሲ» አሉት።